የቴፍሎን ምጣድና የሸክላ ምጣድ፦ ከሦስት ዓመት መጋገር በኋላ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። የቴፍሎን ምጣድ ጥሩ ዕቃ ነው። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ከዚህ የሚቀል አላገኘሁም። ግን ስትገዙት የነበረው ልስላሴ አብሮት አይቆይም፤ ከመጀመሪያዋ እንጀራ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ እየተበላ ይሄዳል። የሸክላ ምጣድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ያንገበግባል፣ እየተጋገረበት ሲሄድ ግን ይገራል።

ይህን ብዙ እናቶች ከእኔ በፊት ያውቁታል። እኔ ልጨምር የምፈልገው ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ነው። ምክንያቱን ባለማወቄ የመጀመሪያውን ምጣዴን በአንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ አበላሸሁት። ሁለተኛው ምክንያቱ ከገባኝ በኋላ የተገዛ ነው፤ ይኸው ሃያ ወር ሆኖት ዛሬም እንጀራው ሳይንገራገር ይነሳል።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የምሠራው ማሽን ሾፕ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የምንታገለው ብረትና ብረት ተፋጭቶ እንዳይበላላ ነው። ቅዳሜ ባለቤቴ ሥራ ስለምትገባ ሊጡም ምጣዱም የእኔ ነው። በሳምንት ከ15 እስከ 20 እንጀራ እጋግራለሁ። የሚገርመው ግን በሥራ ቦታዬ ስለ ሽፋን፣ ስለ ቅባትና ስለ መበላት የማውቀውን ነገር ለረጅም ጊዜ ከምጣድ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

ምጣዱ በብዙዎቻችን ቤት ያለው ዓይነት ነው። አሉሚኒየም፣ ላዩ ጥቁር ቴፍሎን፣ ስፋቱ 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከሥሩ ኤለመንት አለው፣ ወደ 1,500 ዋት ይስባል። አገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ቮልትና 15 አምፔር ስለሆነ ከ1,800 ዋት በላይ አይችልም። እንጀራችን እዚህ አገር ያነሰበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ጠፍጣፋ ምጣድ መጀመሪያ ለእኛ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ከኖርዌይ የመጡ ሰዎች ሌፍሰ የሚባል ስስ የድንች ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ነው። የእኛ ሰዎች አዩትና ወሰዱት፣ በኋላ ነው ለእንጀራ ተብለው የተሠሩ የመጡት።

አሁን ወደ ሽፋኑ። ቴፍሎን በአጋጣሚ የተገኘ ነገር ነው። በ1938 እንደ ፈረንጆቹ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንደዚያው ናቸው)፣ ሮይ ፕላንኬት የሚባል የዱፖንት ኬሚስት ጋዝ የሞላበትን ሲሊንደር ሲከፍት ምንም አልወጣም። ሲመዝኑት ግን ክብደቱ አልቀነሰም። ሲሊንደሩን ሲሰነጥቁት ውስጡ ነጭ፣ ሰም የመሰለ ዱቄት ተገኘ። ያ ዱቄት ከምናውቃቸው ጠጣር ነገሮች ሁሉ እጅግ ከሚያንሸራትቱት አንዱ ነው። ወደ ድስት ያመጣው ደግሞ ማርክ ግሬጓር የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በ1954። ለዓሣ ማጥመጃ ዕቃው ሲጠቀምበት ባለቤቱ አይታ «ለመጥበሻዬም አድርግልኝ» አለችው ይባላል። ሐሳቡ ከማዕድ ቤት ነው የመጣው ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ሁሌ ይጠየቃል። በምንም ነገር ላይ የማይጣበቅ ነገር ምጣዱ ላይ እንዴት ተጣበቀ? መልሱ ብዙ ነገር ያስረዳል። አሉሚኒየሙ መጀመሪያ በአሸዋ ይደበደባል። በዓይን የማይታይ ጉድጓድና ኮረብታ ይሞላበታል። ከዚያ የመጀመሪያው ንብርብር፣ ከቴፍሎኑ ጋር ሌላ የሚይዝ ፕላስቲክ ተቀላቅሎበት፣ ጉድጓዶቹ ውስጥ ይገባል። በላዩ ሌላ ይደረባል፣ ከዚያ ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ እቶን ይጋገራል። ሽፋኑን የያዘው ማጣበቂያ ብቻ አይደለም፣ ሸካራው ብረት ራሱ ነው ጨብጦ የያዘው። ይህ ሁሉ ሽፋን ተደምሮ ውፍረቱ አንድ የራስ ፀጉር አያክልም ወይም ቢበዛ እሱን ያክላል። ሥሩ አሉሚኒየም ነው። ያችን ስስ ነገር ከጨረሳችኋት ምጣዱ አለቀ።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም የተሳሳትኩት። የሚያንሸራትት ነገር የማይበላ ይመስለናል። ሁለቱ አንድ አይደሉም! ቴፍሎን የሚያንሸራትተው ውስጡ እንደ ወረቀት ክምር ሆኖ አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ ስለሚንሸራተት ነው። በዚያው ምክንያት ይላጣል። በሥራ ቦታዬ ንጹሕ ቴፍሎን ብቻውን ዘንግ ሥር አናስገባም፣ ቶሎ ስለሚያልቅ። ብርጭቆ፣ ካርቦን ወይም ነሐስ ሲቀላቀልበት ግን መበላቱ በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይቀንሳል፣ ልስላሴው ብዙም ሳይጎዳ። ምጣድ ሻጮች «ዳይመንድ» ወይም «ቲታኒየም» የተጨመረበት ሲሉ ሐሳቡ ይሄ ነው። ጠንካራ ቅንጣት ለስላሳው ውስጥ ገብቶ ጫናውን ይሸከማል። እውነት የተጨመረበት ከሆነ ይረዳል፤ ምን ያህል እንደተጨመረ ግን ካርቶኑ ላይ ተጽፎ አላየሁም።

በነገራችን ላይ «ግራናይት» የሚባሉት ነጠብጣብ ያለባቸው ድስቶችም አብዛኞቹ ያው ቴፍሎን ናቸው። ነጠብጣቡ ቀለም ነው። ድንጋይ የመሰላችሁ ካላችሁ ካርቶኑን ገልብጣችሁ አንብቡ። ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን የእውነት ሌላ ነገር ነው፣ ከአሸዋ ዘር የሚሠራ ጠንካራ ሽፋን ነው፣ ሙቀትም ይችላል። ሲገዛ ከቴፍሎን እኩል ያንሸራትታል። ግን ልስላሴው በአብዛኛው ከቴፍሎን ቀድሞ ይሄዳል። እኔ ለእንጀራ አልመርጠውም።

የመጀመሪያውን ምጣድ ምን እንደገደለው ልንገራችሁ። አራት ነገር ነው፣ አራቱም በእጄ የሠራሁት።

አዲስ ሆኖ ሲመጣ ሊጡ ላዩ ላይ ይንሸራተት ነበር። ስዞር ሊጡ አይይዝልኝም፣ ዓይኑም ደከም ያለ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን፣ ታላቅ ሴት ናቸው፣ ሙያቸው የተመሰከረ፣ «ጨው በትንበት፣ ሲሞቅ በጨርቅ እሸው» አሉኝ። አደረግኩት። እውነትም ዓይኑ መጣ! ደስ ብሎኝ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በጨው ማሸት ጀመርኩ። አሁን ሳስበው ያደረግኩት ነገር ግልጽ ነው። ጨው ከቴፍሎን ይጠነክራል። በጨርቅና በምጣድ መሃል የገባ ጠንካራ ቅንጣት ሁሉ የሚሠራውን ሠራ፦ እየተንከባለለ ቆረሰው። ለስላሳውን ወለል ሸካራ ስላደረገልኝ ሊጡ ያዘ፣ አረፋውም መነሻ አገኘ። ምክራቸው ለአንድ ቀን ትክክል ነበር። በየሳምንቱ ማድረጌ ነው ጥፋቱ፣ እሱ ደግሞ የእኔ ነው።

ሁለተኛው ማሰሻ ነው። ወደ ስምንተኛው ወር ላይ እንጀራው መሃሉ ላይ መያዝ ጀመረ። እማዬ ጋ ደወልኩ።

«ምጣዱ ያዘብኝ እማዬ።»

«አሰስከው?»

«በምን?»

«በጎመን ዘር ነዋ! ያለ ማሰሻ እንጀራ የት አገር ነው የሚጋገረው ልጄ?»

ከሐበሻ ሱቅ ጎመን ዘር ገዛሁ፣ ወቀጥኩ፣ በጨርቅ ቋጥሬ በየእንጀራው መሃል አሰስኩ። ሁለት ሦስት ሳምንት ተስፋ ሰጠኝ። ከዚያ ምጣዱ ላይ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ነገር ወጣ፣ በሳሙና አይለቅም። ዘይት ሙቀት ላይ ሲቆይ ይጠነክራል፣ ወደ ቫርኒሽ ይለወጣል። ሸክላ ላይ ይህ በረከት ነው። ቴፍሎን ላይ ግን ቫርኒሹ በደንብ አይይዝም፣ በየቦታው እየተላጠ የተቀረው እንደ ጠባሳ ይቀራል። ሊጡ የሚነካው እንግዲህ ቴፍሎኑን ሳይሆን ያንን ቡናማ ነገር ነው። እማዬ ያለችኝ ለምታውቀው ምጣድ ፍጹም ትክክል ነው። ምጣዱ ሌላ መሆኑን መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ያን ቡናማ ነገር ለማስለቀቅ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ማንሳቴ ነው። ስለዚህ ብዙ አልልም። አንድ ማታ በቂ ነው።

አራተኛው ሙቀት ነው። ይሄ ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ነው። እንጀራ የሚጋገረው ምጣዱ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ቴፍሎን እስከ 260 ዲግሪ ድረስ ያለ ሥጋት ይሠራል። መሃሉ ያለው ርቀት ሰፊ አይደለም። ምጣዱን ከፍተኛው ላይ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ፣ ባዶውን ረስታችሁት ሌላ ሥራ ከያዛችሁ ያልፈዋል። ከ350 ዲግሪ ሲያልፍ ሽፋኑ መፈራረስ ይጀምራል፣ የሚወጣው ጭስ ሰውን እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳት ያስይዛል። ቤታቸው ወፍ የሚያሳድጉ ሰዎች ካሉ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ያ ጭስ ወፍን ይገድላል፣ ይህ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ምጣዱን ከወፏ ራቅ ባለ ክፍል አድርጉት። እኔ ርካሽ የጨረር ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ፣ ከሩቅ ተኩሳችሁ የምታነቡበትን ዓይነት። ከምጣዱ ቀጥሎ ለእንጀራ ከገዛኋቸው ዕቃዎች በጣም የጠቀመኝ እሱ ነው። የእኔ ምጣድ መቆጣጠሪያው የሚለው ሌላ፣ መሃሉ ላይ የማነበው ሌላ ነው፣ ልዩነቱ አንዳንዴ 30 ዲግሪ ይደርሳል።

ስለ ጤና የሚጠይቁኝ ስላሉ አንድ ነገር ላክል። ቴፍሎን ራሱ ቢላጥና ቢዋጥ ሰውነት አይቀበለውም፣ እንደገባ ይወጣል። ክርክሩ ያለው ድሮ ሽፋኑ ሲሠራ ይጠቀሙበት በነበረ ፒኤፍኦኤ በሚባል ኬሚካል ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ተቋም በ2023 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በአሜሪካ ትልልቆቹ አምራቾች እስከ 2015 ድረስ መጠቀም አቁመዋል። ስለዚህ ዘመድ ቤት የተቀመጠ የቆየ ምጣድ ከመውሰድ አዲስ መግዛት ይሻላል እላለሁ።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል ልምጣ። ሁለተኛውን ምጣድ ስገዛ የመጀመሪያውን አልጣልኩትም። ላወዳድራቸው ፈለግኩ። ፍትጊያን ቤት ውስጥ ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ለስላሳ የብረት ቁራጭ ምጣዱ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ምጣዱን ከአንድ ወገን ቀስ እያላችሁ ታነሣላችሁ፣ ብረቱ መንሸራተት ሲጀምር ዘንበል ያለበትን ዲግሪ በስልካችሁ ታነባላችሁ። ዲግሪው ባነሰ ቁጥር ወለሉ ይበልጥ ያንሸራትታል። ምጣዱ መቀዝቀዝ አለበት፣ ከሶኬት መነቀል አለበት፣ ብረቱም ምጣዱም ንጹሕ መሆን አለባቸው። እኔ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሆነ ቁራጭ ተጠቀምኩ፣ እያንዳንዱን ቦታ አሥር አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ መሃለኛውን ቁጥር ወሰድኩ።

አዲሱ ምጣድ በ6 ዲግሪ አንሸራተተው። ይህ ወደ ፍትጊያ መጠን ሲለወጥ 0.1 ገደማ ነው። አሮጌው ዳሩ ላይ 7 ዲግሪ። መሃሉ ላይ ግን 14 ዲግሪ፣ ማለትም 0.25። ዳሩ አዲስ ነው ማለት ይቻላል፣ መሃሉ አልቋል። ጨው ያሸሁት መሃሉን ነው፣ ሽቦ የያዝኩት መሃሉ ላይ ነው፣ ይበልጥ የሚግለውም መሃሉ ነው።

ቀጥሎ የሸክላውን ለካሁ። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ አንድ ትንሽ የሸክላ ምጣድ በሻንጣ ይዛ መጥታ ነበር፣ እናቷ ለዓመታት የጋገሩበት። መንገድ ላይ ተሰብሮ ደረሰ። አልጣልነውም፣ ገሉ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል። ትልቁን ገል ወስጄ ጥቁሩን፣ የተጋገረበትን ፊቱን ለካሁ፦ 17 ዲግሪ። ምንም ያልነካውን ጀርባውን ለካሁ፦ 31 ዲግሪ።

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ። እንጀራ አልነሳ ያለኝ አሮጌ ቴፍሎን መሃሉ 14 ዲግሪ ነው። እናቷ እንጀራ በሰፌድ ላፍ የሚያደርጉበት የነበረው ሸክላ 17 ዲግሪ ነው። ሸክላው ከተበላሸው ቴፍሎን ይበልጥ ይሻክራል ማለት ነው! ግን እንጀራው ይነሳል። ስለዚህ ነገሩ ልስላሴ ብቻ አይደለም። መንሸራተትና አለመያዝ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። እንጀራ የሚይዘው ሊጡ ፈሳሽ ሆኖ ጭረት ውስጥ ሲገባና እዚያው ሲደርቅ ነው፣ ልክ ሥር እንደ ሰደደ ተክል። የእኔ ቴፍሎን ጭረቱ ክፍት ነው፣ ሥሩ ራቁት አሉሚኒየም ነው። ሸክላው ደግሞ ከዚያ የባሰ ቀዳዳ አለው፣ ግን ቀዳዳው በዘይት ተሞልቷል። ሊጡ የሚገባበት ቦታ የለውም።

ማሟሸት የሚባለው ነገር በእኔ ሙያ ቋንቋ ሽፋን መቀባት ነው። አዲስ ምጣድ ይሞቃል፣ የጎመን ዘር ይፈሰስበታል፣ ያራል፣ ይታሻል፣ እንደገና። ዘይቱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል። ከዚያ በየእንጀራው መሃል የሚታሰሰው ማሰሻ የተበላውን ይተካል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። ቴፍሎን የተቀባው ፋብሪካ ውስጥ አንድ ጊዜ ነው፣ እኛ ልንተካው አንችልም። የሸክላው ሽፋን በተጋገረ ቁጥር ይታደሳል። የመኪና ሞተር ሲታደስ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚጫረው የተጠላለፈ መስመርም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። መስታወት የመሰለ ለስላሳ ሲሊንደር ዘይት አይዝም፣ ስለዚህ ሆን ብለው ይጭሩታል፣ ጭረቱ ዘይት ይቋጥራል፣ ፒስተኑ ሲመላለስ ከዚያ እየቀዳ ይቀባል። ዛሬ በሌዘር ጥቃቅን ጉድጓድ እየቀዱ ይህን የሚሠሩ አሉ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች እጅ ላይ ያለው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ለምን ጎመን ዘር? ይህንንም ስፈልግ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። የጎመን ዘር ዘይት ውስጥ ኤሩሲክ አሲድ የሚባል ረጅም ሰንሰለት ያለው ቅባት በብዛት አለ። ከዚሁ ዘመድ የሆነ ዘር ዘይት በባቡርና በመርከብ የእንፋሎት ሞተር ዘመን ማለስለሻ ነበር፣ እርጥብ ብረት ላይ ሙጭጭ ብሎ ስለሚይዝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካናዳ ያን ተክል በሰፊው የዘራችው ለመርከብ ሞተር ማለስለሻ ብላ ነው። የእኛው ጎመን ዘር ደግሞ በ2012 ካናዳ ውስጥ ነዳጅ ሆኖ፣ ምንም ሌላ ሳይቀላቀልበት፣ ጄት አብርሯል። እርጥብ ወለል ላይ ይይዛል ማለት እንግዲህ ሊጥና እንፋሎት ላለበት ምጣድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አያቶቻችን ከስንት ዘር መርጠው ነው እሱ ላይ የረጉት።

ስለ ዓይንም አንድ ነገር። አረፋ ከለስላሳ ወለል ላይ ለመነሳት ይቸገራል። ጥቃቅን ጉድጓድ ውስጥ የተያዘች ትንሽ አየር ናት መነሻ የምትሆነው። ሸክላ ይህ ሞልቶታል። አዲስ ቴፍሎን የለውም። በአዲስ ቴፍሎን ዓይን ለማውጣት ምጣዱን መጫር መፍትሔ አይደለም። ሊጡን ማስተካከል ነው፦ አብሲቱን በደንብ መጣል፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል መጠበቅ፣ ምጣዱ 210 ገደማ ሲደርስ መጋገር፣ ዓይኑ እስኪወጣ ክዳኑን አለመክደን። ሁለተኛው ምጣዴ ላይ ጨው አልነካም፣ ዓይኑ ግን ይወጣል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ላዩ እንደ ንብ ሰፈፍ የተቀረጸ መጥበሻ ሞክሬያለሁ። ከፍ ያለው መስመር ራቁት ብረት ነው፣ ጎድጎድ ያለው ውስጥ ነው ቴፍሎኑ። ብረት ማንኪያ ብትጠቀሙ ከፍ ያለው መስመር ይቀበላል፣ ቴፍሎኑ ከታች ይተርፋል። ሐሳቡ በጣም ብልህ ነው። ለጥብስና ለፍርፍር ወድጄዋለሁ። ለሊጥ ግን አይሆንም። ያ ከፍ ያለው ብረት ዘይት ካልነካው ሊጡን ይይዛል፣ ስሱ ነገር ሲነሳ መስመር መስመሩን ይቀደዳል።

እንግዲህ ሁለተኛውን ምጣድ እንዴት እንደያዝኩት። ጨው የለም። ዘይትም ማሰሻም የለም። በእንጀራዎቹ መሃል በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ደረቁን፣ ቀለል አድርጌ እጠርጋለሁ። ጠርዙን በቢላ ማላቀቅ ትቻለሁ፣ ጠርዙ ራሱ ደርቆ እስኪነሳ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ስስ የስንደዶ ሰፌድ አስገባለሁ። ሲያልቅ ይቀዘቅዛል፣ በለስላሳ ስፖንጅና በለብ ያለ ውሃ ይታጠባል፣ ትኩሱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስበትም፤ ብረቱና ሽፋኑ እኩል ስለማይኮማተሩ ያላቅቃቸዋል። ቡናማ ነገር ከታየ ወዲያው ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሼ ቀብቼ አሳድረዋለሁ። በላዩ ሌላ ዕቃ አይደረደርበትም። መቼም ቢሆን።

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ለካሁት። ዳሩ 6፣ መሃሉ 8 ዲግሪ። ወደ 1,400 እንጀራ ጋግሮ ማለት ነው። አሮጌው ከሺህ ብዙም ሳያልፍ ነበር 14 የደረሰው።

ልግዛ ወይ ለሚሉኝ፦ አፓርትመንት የሚኖር፣ በሳምንት አንዴ የሚጋግር፣ ጭስ የማይፈልግ ሰው ቴፍሎኑን ይግዛ። እኔ ወደ 200 ዶላር ከፍያለሁ፣ አልቆጨኝም። ከሦስት እስከ አራት ዓመት የሚያገለግል ዕቃ አድርጋችሁ ቁጠሩት እንጂ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ሲገዙ ወፍራም አሉሚኒየሙን ምረጡ፣ ሙቀቱን እኩል ያከፋፍላል፣ መሃሉ ብቻውን አይግልም። ከ10 ደቂቃ ማሞቅ በኋላ መሃሉና ዳሩ ከ20 ዲግሪ በላይ የሚለያይ ከሆነ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ መልሱት።

የራሱ ግቢ ያለው ወይም 240 ቮልት መስመር ማስገባት የሚችል፣ ብዙ የሚጋግር ሰው ግን ሸክላውን ያስብበት። ይከብዳል፣ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ መንገድ ላይ ይሰበራል፣ የመጀመሪያዎቹ ብዙ እንጀራዎች ይበላሻሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሽፋኑ በእጃችሁ ነው ያለው። እኔና ባለቤቴ አሁን ሌላ ሸክላ እንዲመጣልን ልከናል፣ በዚህኛው ዙር በጭድና በጋቢ ተጠቅልሎ። እማዬ ጎመን ዘሩን አብራ እልካለሁ ብላለች፣ የሱቁን አላመነችውም። ያ አሮጌ ቴፍሎንም ገና ቤት ነው፣ ዳሩ 7 ዲግሪ ስለሆነ እሑድ ጠዋት ቡና እቆላበታለሁ ብዬ ነበር፣ ግን ቡና ለመቁላት የሚያስፈልገው ሙቀት ከ200 ስለሚያልፍና መሃሉ ስለተላጠ ተውኩት። ቂጣ በአነስተኛ እሳት ይወጣዋል፣ ዳር ዳሩ ላይ።